ዝናብ ያሰረችው ሴትዮ

ጁን 20

ሦስተኛው ማሰሮ ወጣ። ሰሜን ምዕራብ ማዕዘን ላይ፣ ከኖራው ወለል ሥር፣ አፉ በጭቃ እንደተደፈነ። ውስጡ ሁለት አረንጓዴ ድንጋይና የደረቀ አተላ። የአጎቴ ልጅ ነሜስዮ፣ የቆፋሪዎቹ አለቃ፣ አጎንብሶ አየና «ይኼን ሁሉ ላብ አፍስሰን አተላ ነው ያወጣነው?» አለ። ሺህ ዓመት ያለፈው አተላ መሆኑን ነገርኩት። «ታዲያ ሺህ ዓመት ካለፈው ማን ይጠጣዋል?» አለኝ።

ጉብታው ትንሽ ነው፤ ከመንደሩ ትምህርት ቤት አይበልጥም። ግን ወደ አራቱም አቅጣጫ የሚወርድ ደረጃ አለው፣ ከሥሩ ደግሞ ውሃ የሚያንጠባጥብ ዋሻ። የድሮ ሰዎች ለዝናብ ጌታ ለቻክ የሠሩት ነው። ይኼን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፤ እኔ ግን ገብቻለሁ። ቻክ አራት ነው፣ በየማዕዘኑ አንድ። ሦስት ማሰሮ ካገኘሁ አራተኛው ደቡብ ምሥራቅ ላይ ቁጭ ብሎ እየጠበቀኝ ነው ማለት ነው።

ዝናቡ ዘንድሮ ዘገየ። ሰማዩ የተወለወለ ሳህን ነው። ተመስገን። ለቁፋሮው ማለቴ ነው።

ጁን 25

ደቡብ ምሥራቅ ላይ ማሰሮ የለም። ያለው ድሮ አንድ ዛፍ ሲወድቅ ወለሉን ገንጥሎ የተነሣበት ጎድጓዳ ቦታ ነው። እዚያ ውስጥ አመድ፣ የተቃጠለ ድንጋይና የወፍ አጥንት።

ሳየው ሳቅሁ። ፒብ ነው። አባባ በየበዓሉ ጓሮ ቆፍሮ፣ ድንጋይ አግሎ፣ የበቆሎ ሊጥና ሥጋ በቅጠል ጠቅልሎ የሚቀብርበት የመሬት ምድጃ። የድንጋዮቹ አደራደር እንኳን የአባባ ነው፤ ትልልቁ ከዳር፣ ትንንሹ ከመሃል። አንዱ አዳኝ ወይ ከአጎቶቼ አንዱ እዚህ ሆዱን ሞልቶ ሄዷል።

ከከተማ የመጣ ሰው ቢሆን ለዚህ ለሰው ምሳ ትርፍራፊ ብሩሽ አውጥቶ ሳምንት ሙሉ ይንበረከክ ነበር። እኔ ግን የአገሬን አመድ አውቃለሁ። መዝገቡ ላይ «የቅርብ ጊዜ ምድጃ» ብዬ ጻፍኩ፣ ነሜስዮን «በአካፋ አውጣው» አልኩት፣ ከምሳ በፊት ንጹሕ ጉድጓድ ሆነ። ሥራ ማለት እንዲህ ነው።

ጁላይ 1

ደመና የለም።

እናቴ ከወፍጮ ቤት ወሬ ይዛ መጣች። «ልንገርሽ ወይስ ቀድመሽ ትበያለሽ?» አለችኝ። ንገሪኝ አልኳት።

«‹ያቺ የፉልሄንሲዮ ልጅ የቻክን ማሰሮዎች ቆፍራ ወስዳበት፣ ሰውዬው በምን ያፍስስ?› ነው የሚሉት። ዝናቡን አሰረችው ይላሉ።»

ማሰሮዎቹ በጥጥ ተጠቅልለው ሜሪዳ ከተማ ዕቃ ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል። ሰማዩን ሙሉ የያዘ ጌታ ሌላ ዕቃ ያጣ ይመስል! የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ባሕሩ ሞቀ፣ ነፋሱ ዞረ፣ ጥፋተኛዋ ግን እኔ ላንዲ ቱዩብ ነኝ።

«አንቺስ ምን አልሻቸው?» አልኳት።

«እኔማ ተራዬ ደርሶ ነበር። አስፈጨሁ።»

ጁላይ 4

አባባ አኩርፏል። የሚያናግረኝ በእናቴ በኩል ነው፣ እሷ መሃላችን ተቀምጣ። «ሶኮሮ፣ ልጅሽን ጨው ታቀብለኝ በያት።» ጨው እጁ ሥር ነው።

ዛሬ ከማሳው ሲመለስ አንድ የበቆሎ ቅጠል ይዞ መጥቶ ቁፋሮውን የምስልበት ወረቀት ላይ አስቀመጠው። ቅጠሉ እንደ ሲጋራ ተጠቅልሏል። በቆሎው አሁን ካልጠጣ ፍሬ አይዝም፤ ካልያዘ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የሱቅ በቆሎ ልንበላ ነው። አባባ የሱቁን በቆሎ አሳማ እንኳን አፍሮ ነው የሚበላው ይላል።

ወረቀቱ ላይ አቧራ አደረገብኝ።

ጁላይ 6

የመንደሩ አዋቂ ዶን ባርቶሎ በሞተራቸው እስከ አጥሩ መጡ። ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር መነጽር፣ ከኋላ የታሰረች ዶሮ። ዶሮዋ ደመወዝ ናት። እሳቸው ዝናብ ይለምናሉ፣ ለእባብ ንክሻ ቅጠል ያጠጣሉ፣ የጠፋ ላም ደግሞ በመስታወት ድንጋይ ይፈልጋሉ። ላሚቱ አብዛኛውን ጊዜ ራሷ ትመጣለች።

«ልጄ፣ ቻክን ልንለምን ነው» አሉኝ። «እዚህ ላይ።» በአገጫቸው ጉብታዬን አሳዩኝ።

«ሁልጊዜ ኳስ ሜዳው ጀርባ አይደል የምትለምኑት?»

«አምና እዚያ ለመንን። ዝናቡ ጎረቤት መንደር ሄደ።»

«ጎረቤቶቹም የራሳቸው አዋቂ አላቸው።»

«ያ ሌባ!» ብለው ሲጮኹ ዶሮዋም አብራ ጮኸች።

«ዶን ባርቶሎ፣ እኔ ብፈቅድ እንኳን የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልገዋል።»

«ዝናቡ የመንግሥት ነው?»

«ጉብታው የመንግሥት ነው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ያለ መነጽር ሲያዩዋቸው የደከሙ ሽማግሌ ናቸው። «አያትሽ እዚህ ላይ ነበር የሚለምኑት። ያኔ አጥር አልነበረም። አጥሩን ያጠርሽው አንቺ ነሽ» አሉኝና ሞተራቸውን አስነሡ።

አጥሩን ያጠርኩት እኔ ነኝ። ላሞች ይገቡ ነበር።

ጁላይ 8

ሜሪዳ ደወልኩ። አለቃዬ ዶክተር አርሆና «ላንዲ፣ ክፍት ቁፋሮ ላይ እሳት የለም፣ እርድ የለም፣ መጠጥ የለም። አንዲት ፎቶ ብትወጣ ፈቃድሽ አበቃ» አለኝ።

«በቆሎው እየደረቀ ነው» አልኩት።

«ያሳዝናል። አራተኛው ማሰሮስ?»

ለዶን ባርቶሎ «አልተፈቀደም» ብዬ ላክሁባቸው። እውነቱን ለመናገር እፎይ አልኩ፤ ጥፋቱ የሜሪዳ ሆነ። ደመና የለም።

ጁላይ 11

ማሰሮውን ፍለጋ ጉድጓዱን ወደ መሃል አሰፋሁት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዘንበል ስትል ግድግዳውን በካዙላ አጸዳሁ፣ ውሃ ረጨሁበት፣ ወደ ኋላ ሄጄ አየሁት። ከዚያ አፈር ላይ ቁጭ አልኩ።

አመዱ ወደ ግድግዳው ውስጥ ይቀጥላል። ከአመዱ በላይ ደግሞ የኖራው ወለል ያልፋል። አልተቆፈረም፣ አልተጠገነም፣ አንድ ወጥ ነው። ኖራው የፈሰሰው አመዱ ላይ ነው ማለት ነው። ምድጃው የአጎቴ አይደለም፣ የአዳኝም አይደለም። ሕንፃውን የሠሩት ሰዎች ወለሉን በኖራ ከመሸፈናቸው በፊት በዚህ ማዕዘን ለቻክ አብስለው ከነአመዱ ደፍነውታል። አራተኛ ማሰሮ ፈጽሞ አልነበረም። ለቻክ በሦስቱ ማዕዘን መጠጥ አቀረቡለት፣ በአራተኛው ምግብ።

እንዲህ ያለ ነገር ያገኘ ሰው አላውቅም። እኔ አገኘሁት። አብዛኛውንም በአካፋ ጣልኩት።

አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች። በሕይወቱ ፒብ በልቶ የማያውቅ የከተማ ሰው ቢሆን ኖሮ አይጥለውም ነበር። ምን እንደሆነ ስለማያውቅ ይንበረከክለት ነበር። እኔ አወቅሁት! የአባባን ምድጃ ስለመሰለ በአባባ ዘመን የተሠራ ነው አልኩ። አባባ ድንጋይ መደርደር ከአያቴ፣ አያቴ ከአባቱ፣ እንደዚያ እየተባለ የት እንደሚደርስ አንድ ደቂቃ ቆም ብዬ አላሰብኩም። የረሃብ ሰዓት ነበር፣ ምሳዬ እየጠበቀኝ ነበር።

ግድግዳው ውስጥ የቀረው ክንድ የማይሞላ ቁራጭ ነው። ያንን በየንብርብሩ መሳል፣ ከሰሉን በጥንቃቄ መልቀም አለብኝ። ቀን ይፈልጋል፣ ደረቅ ቀን። አመድ ዝናብ አንዴ ከመታው ገንፎ ነው።

መዝገቡ ላይ «የቅርብ ጊዜ ምድጃ» የሚለው እንዳለ አለ። ነገ አስተካክለዋለሁ።

ጁላይ 12

የአፈር ክምሩ ላይ ዋልኩ፤ የተቃጠለውን ድንጋይ ካልተቃጠለው ስለይ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ነሜስዮ «ምን ጠፋብሽ?» አለኝ፤ «የጆሮ ጌጤ» አልኩት። ይኼ ደግ ሰው ግማሽ ቀን የጆሮ ጌጥ ፈለገ። ጆሮዬ ተበስቶ አያውቅም።

በምሥራቅ ትንሽ ደመና ነበረች። ሄደች። ጥሩ።

መዝገቡን አላስተካከልኩም። እጄ ቆሽሾ ነበር።

ጁላይ 15

የመንደር ስብሰባ። ከፊታቸው ተቀምጬ ስለ እኔ የሌለሁ ያህል ሲያወሩ አመሹ።

«አቧራ ትወዳለች፣ ደመወዟ አቧራ ነው።»

«ማሰሮዎቹን ትመልስ!»

«ሜሪዳ ሄደው የቀሩ ነገሮች ተመልሰው ያውቃሉ? ወንድሜ እንኳን አልተመለሰም።»

ነሜስዮ ሊረዳኝ ተነሣ። «ባልዲ አለኝ፣ ሦስት፣ አዳዲስ። በማዕዘኖቹ ላይ እናስቀምጣለን። ቻክ ኩራተኛ አይደለም።» ሳቁ። ትንሽ ቀለለኝ።

ከዚያ አባባ ቆመ። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ወደ እኔ ሳያይ።

«ልጄን ዝናብ አሰረች አትበሉ። ዝናብ ማሰር ብትችል ትነግረኝ ነበር፤ ሚስጥር አይቆይላትም። እሷ ያሰረችው በር ነው። አባቴ በለመነበት ቦታ ላይ ቁልፍ ሰቅላለች። እኔ ቻክን እለምናለሁ። ልጄን ግን አልለምንም።»

ተቀመጠ። እኔ ልናገር የፈለግሁት ሌላ ነበር፤ አንድ ሳምንት ስጡኝ፣ ጉድጓዱ ውስጥ አመድ አለ፣ ዝናብ ከነካው ያልቃል ልል ነበር። ግን ያንን ለማለት የጣልኩትን መናገር ሊኖርብኝ ነው። ደግሞስ ለደረቀ ማሳ ባለቤት «ዝናቡ ትንሽ ይቆይልኝ» ይባላል? «ቅዳሜ በሩ ክፍት ነው» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የእኔ ነበር።

ምድጃቸውን ከአጥሩ ውጭ እንዲቆፍሩ፣ ወደ ደቡብ ምሥራቁ ጉድጓድ ማንም እንዳይጠጋ ነገርኳቸው። ተስማሙ።

«እኛም አንድ ነገር አለችን» አሉ ዶን ባርቶሎ። «መሠዊያው አጠገብ ሴት አትደርስም።»

«አውቃለሁ።»

«ልጄ፣ አንቺም ሴት ነሽ።»

«እኔ የቁፋሮው ኃላፊ ነኝ!»

«እሱን ለቻክ ማን ያስረዳዋል?»

ጁላይ 18

ስስል ዋልኩ። ገና ከላይኛው ንብርብር አልወረድኩም። ከሰሉ ሲነኩት ዱቄት ይሆናል፣ በትንፋሽ ነው የምሠራው። አባባ በአጥሩ በኩል አለፈ፣ አላየኝም። ወይም እንዳላየ ሆነ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባላል፤ እኔ ሁለቱም ዛፍ ላይ ነኝ፣ ከሁለቱም እየወደቅሁ።

ጁላይ 20

የገዛ ጉብታዬ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ሆኖ መንገድ ዳር ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ። ለቻክ የሚቀርበውን ዳቦ የሚጋግሩት ወንዶቹ ናቸው፤ ሕጉ ነው። ሴቶቹ ጭሱን እያዩ ይፈርዳሉ።

«ያ ጥቁር ጭስ የባሌ ነው። እሱ ውሃ ያሳርራል።»

«ቻክ ይኼን ዳቦ ከቀመሰ ዝናብ አይደለም፣ መብረቅ ነው የሚልክልን።»

«ባልቼው እንደሆነ ጎድሎ ነው የሚደርሰው» አለች እናቴ። ባልቼ ከማርና ከዛፍ ልጣጭ የሚጠመቀው የቻክ መጠጥ ነው። አቅራቢዎቹ ሁልጊዜ ቀድመው ይቀምሱታል፣ ደግመውም ይቀምሱታል።

መሠዊያው ሥር እንደ እንቁራሪት እየጮኹ ዝናብ የሚጠሩ ልጆች መቀመጥ ነበረባቸው። ልጆቹ ሌላ መንደር ለኳስ ግጥሚያ ሄደዋል፣ ስለዚህ ትልልቆቹ ገቡ። መጀመሪያ የነሜስዮ ድምፅ መጣ፣ ከነሆዱ፣ ቋ ቋ ቋ። ከዚያ ሌላ፣ የተሰነጠቀ፣ ወፍራም ድምፅ።

«አባትሽ ነው» አለች እናቴ።

ከስንት ሳምንት ኩርፊያ በኋላ ድምፁን በቅጡ የሰማሁት እንቁራሪት ሆኖ ነው። ሴቶቹ በሳቅ ተንከባለሉ፣ እኔም ሳቅሁ። አባባ አላቆመም። ሌሎቹ ሲደክማቸው እሱ ብቻውን ቀጠለ፣ በዚያ ዕድሜው ተንበርክኮ፣ እንደሚለምን ሰው። ሳቁ ቆመ። ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገባ መሰለኝ፣ መሐረብ ተበደርኩ።

ጁላይ 21

ዝናብ የለም። ጎረቤት መንደርም አልዘነበም፤ ዶን ባርቶሎ ይኼን እንደ ድል ቆጥረውታል። ጉድጓዴን ማንም አልነካም። ሦስቱ ባልዲዎች በየማዕዘናቸው ደርቀው ቆመዋል።

አባባ ማሳው ሄዶ ዋለ። ምን እንዳየ አልጠየቅሁትም።

ጁላይ 22

ዶን ባርቶሎ ፎቶ ለጠፉ። ራሳቸው! ጥቁር መነጽር፣ ከኋላቸው ጉብታዬ፣ ከእግራቸው ሥር የባልቼው ጋን። «ከአያቶቻችን ስፍራ» ብለው ጽፈውበታል። ጎረቤት ያለው አዋቂ እንዲያይላቸው ነው እንጂ ክፋት የላቸውም።

አርሆና ደወለ። አልጮኸም፣ ብትጮህ ይሻል ነበር ልለው ፈለግሁ። ዓርብ ቁልፉን ለሜሪዳ ሰው አስረክባለሁ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰው ይቆፍራል።

«አራተኛ ማሰሮ የለም» አልኩት። «ምድጃ ነው። ከወለሉ በፊት የተሠራ። የቅርብ ጊዜ መስሎኝ አብዛኛውን ጣልኩት።»

«ምን ያህል ቀረ?» አለኝ።

«ክንድ አይሞላም።»

«ሳዪው» አለና ዘጋው።

መዝገቡን አስተካከልኩ። አንድ መስመር ሰርዤ አንድ ገጽ ጻፍኩ።

ጁላይ 23

ሥዕል። ሁለተኛው ንብርብር አለቀ። ሦስተኛው ተጀመረ። ወገቤ ተቆረጠ። በምሥራቅ ደመና፣ ጥቁር። ምንም አይደለም፣ በየቀኑ ይመጣል፣ በየቀኑ ይሄዳል። ነሜስዮ «አሸተትሽው?» አለኝ። ምንም አልሸተተኝም አልኩት።

ጉድጓዱን የምንሸፍንበት ሸራ በሁለት ቦታ ተቀዷል። ነገ ይሰፋል።

ጁላይ 24

ይኼንን የምጽፈው ቤት ተቀምጬ ነው። ማድ ቤታችን ጣሪያ የለውም። እናቴ በአንድ እጇ ጃንጥላ ይዛ በሌላው የበቆሎ ቂጣዋን፣ ቶርቲያዋን፣ ታገላብጣለች፣ በየመሃሉ አባባን ትሰድባለች።

ከሰዓት በኋላ መጣ። ነፋስ እንኳን አላስቀደመም። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ኖራው ላይ ሲያርፉ ድምፃቸውን ሰማሁ፣ ከዚያ ሰማዩ ተከፈተ። ከመንደሩ በኩል ጩኸት፣ ጣሳ የሚመታ፣ ውሻ፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል፣ ሁሉም አንድ ላይ። ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን ጥለው ወደየማሳቸው ሮጡ። ነሜስዮ ሁለት እርምጃ ሮጦ ተመለሰ፣ አየኝ፣ «ሂድ» አልኩት፣ ሄደ። እሱም በቆሎ አለው።

የተቀደደውን ሸራ ግድግዳው ላይ ወጠርኩት፣ በቀዳዳው ገባ። በጀርባዬ ተደገፍኩት፣ በጎን ገባ። የመጨረሻው ንብርብር ገና አልተሳለም፤ የታችኞቹ ድንጋዮች፣ የአደራደሩ ነገር፣ ዋናው። አመዱ ጠርዝ ጠርዙን መጥቆር፣ ከዚያ መውረድ ጀመረ። ጮህኩ መሰለኝ። ማንን እንደተሳደብኩ አልጽፍም፤ አሁን ልጣላው አልፈልግም።

ያኔ የብረት መንጓጓት ሰማሁ። አባባ ባለሦስት እግር ብስክሌቱን በጭቃው ውስጥ እየገፋ መጣ፣ ላዩ ላይ ቆርቆሮ ተከምሯል። ጥላሸት የጠገበ፣ ምስማሩ ገና ያልወለቀ ቆርቆሮ። የማድ ቤታችን ጣሪያ መሆኑን ያወቅሁት በጥላሸቱ ነው። ወደ ማሳው አልሄደም ነበር። መንደሩ ሁሉ ማሳው ውስጥ በደስታ ሲጨፍር እሱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ምስማር ሲነቅል ነበር።

ጉድጓዱ ውስጥ ወረደ፣ ሁለቱን ቆርቆሮ ከላይ አጋደመ፣ ሦስተኛውን በግድግዳው በኩል አቁሞ በትከሻው ደገፈው። ውሃው በአንገቱ በኩል ወደ ሸሚዙ ይገባል። ከሥሩ ሆኖ ግድግዳውን አየ፣ የታችኞቹን ድንጋዮች፣ ትልልቁን ከዳር፣ ትንንሹን ከመሃል። ብዙ ጊዜ አየ።

«ይኼን ነው የጣልሽው?» አለኝ። ነሜስዮ ነግሮታል። ነሜስዮ ሲፈልግ የቆየው የጆሮ ጌጥ እንዳልሆነ አውቋል ማለት ነው።

«አዎ።»

«እንዳይዘንብ ስትመኚ ነበር፣ አይደል?»

«አባባ፣ ለቁፋሮው ነው እኮ...»

«እኔም ጉድጓድሽ በውሃ እንዲሞላ ተመኝቻለሁ። አንዴ አይደለም። ቻክ ፊትም ተንበርክኬ ተመኝቻለሁ።» ትከሻውን አስተካከለ፣ ቆርቆሮው ተንጓጓ። «አሁን እጄ ሳይዝል ሳዪ።»

ሳልኩ።